ለጥቂት ከመውደቅ የተረፈው ተማሪና ውሃ የሚያነበው ሶፍትዌር

ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን መቼም ታውቁታላችሁ። ስልኩን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ኔትወርኩ እየተጎተተ፣ ገጹ አልከፈት ብሎ፣ ልባችሁ ድው ድው ሲል። ከዚያ ቁጥሩ ብቅ ይላል። አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ ስልኩን አጥፍቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል።

የዛሬው ባለታሪካችን ያ ቁጥር አንገቱን ያስደፋው ወጣት ነው። ዘመኑ 1884 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ደግሞ የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ። የ25 ዓመቱ ስቫንቴ አሬኒየስ 150 ገጽ የሚሆን የዶክትሬት ጽሑፉን ይዞ ቀረበ። መምህራኑ አነበቡት፣ በጥያቄ አፋጠጡት፣ በመጨረሻም ለጥቂት የሚያሳልፍ ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት። ወደቅህ አላሉትም። ግን በዚያ ውጤት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ ብሎ ማሰብ ዘበት ነበር።

ያ ለጥቂት ያለፈ ሐሳብ ዛሬ የት ደርሶ ይሆን? የጉድጓድ ውሃ ምን እንደያዘና ለምን እንደያዘ፣ ሐይቅ ሲተን ምን ዓይነት ጨው እንደሚቀር፣ የማዕድን ማውጫ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ሁሉም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ሐሳብ ነው።

ልጁ ማን ነበር?

ስቫንቴ አውጉስት አሬኒየስ የካቲት 1859 ኡፕሳላ አጠገብ ባለችው ቪክ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር። ልጁ ማንም ሳያስተምረው በሦስት ዓመቱ ማንበብ ቻለ ይባላል። አባቱ የሒሳብ መዝገብ ሲሞላ ትከሻው ሥር ቆሞ እያየም መደመርና መቀነስ ለመደ። ቁጥር መውደዱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልለቀቀውም።

ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ነገሩ አልጣመውም። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ፔር ቴዎዶር ክሌቭ ትልቅ ስም ያለው ሰው ነበር፤ ሆልሚየምና ቱሊየም የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ያገኘ። የክሌቭ ኬሚስትሪ ግን ማቅለጥ፣ ማጣራት፣ መመዘን ነው። ወጣቱ የሚፈልገው ደግሞ ለምን የሚለውን ነበር። ስለዚህ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ኤሪክ ኤድሉንድ ከሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጋር መሥራት ጀመረ። የያዘው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ ውስጥ እንዴት ያልፋል?

እስቲ አስቡት። ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ንጹህ ውሃም የሚያስተላልፈው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሁለቱን ስትቀላቅሏቸው ግን በደንብ ያስተላልፋሉ። ሁለት ሰነፎች ተገናኝተው ጎበዝ ሠራተኛ ሆኑ ማለት ነው። እንዴት?

የዚያ ሌሊት ሐሳብ

ከእሱ 50 ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተሸክመው የሚሄዱትን ነገሮች አዮን ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን የጨውን ሞለኪውል ለሁለት የሚገነጥለው ራሱ ኤሌክትሪኩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ባትሪ ከሌለ አዮን የለም።

አሬኒየስ ኋላ እንደተናገረው፣ ግንቦት 17 ቀን 1883 ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣለትና ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሳያወጣና ሳያወርድ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሐሳቡ የነበረውን እምነት ገለበጠው። ጨው የሚከፈለው ኤሌክትሪክ ስለነካው አይደለም፤ ውሃ ውስጥ እንደገባ ወዲያው ነው። ባትሪው ከመምጣቱ በፊት አዮኖቹ እዚያው ናቸው። አንዱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዟል፣ አንዱ ኔጋቲቭ። ባትሪው የሚያደርገው ወዲህና ወዲያ እንዲሄዱ መጥራት ብቻ ነው።

በዶክትሬት ጽሑፉ ላይ ይህን በግልጽ ለመጻፍ አልደፈረም። በውሃ ውስጥ ካለው ጨው ከፊሉ ንቁ፣ ከፊሉ ንቁ ያልሆነ ነው ብሎ በጥንቃቄ አለፈው። ንቁው ክፍል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያደርገውም እሱው ነው አለ። አዲስ ቲዎሪ አለኝ ብሎ ለክሌቭ ሲነግረው ፕሮፌሰሩ ደስ የሚል ነገር ነው ብሎ በትህትና አሰናበተው። በቃ፣ ውይይቱ ያ ነበር።

በመምህራኑ ግን አንፍረድ፤ ተቃውሞው ሞኝነት አልነበረም። ሶዲየም የሚባለውን ብረት ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ይፈነዳል። ክሎሪን ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነው። ታዲያ ሁለቱ ተለያይተው በጨው ውሃ ውስጥ እየዋኙ ከሆነ ሾርባችን ለምን አይፈነዳም፣ ለምንስ አይመርዘንም? መልሱ አዮንና አቶም አንድ አይደሉም የሚል ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ፣ ክሎሪን አንድ ሲጨምር ባሕሪያቸው ፈጽሞ ይለወጣል። ችግሩ በ1884 ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ገና አልተገኘም። የተገኘው በ1897 ነው። ወጣቱ ዓለም ገና ያላየውን ነገር እያስረዳ ነበር።

ከሪጋ የመጣው እንግዳ

አሬኒየስ አኩርፎ አልተቀመጠም። ጽሑፉን በፖስታ ለውጭ ሊቃውንት ላከው። አንዱ ቅጂ ሪጋ ለሚያስተምረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ደረሰ። ኦስትቫልድ ኋላ ሲያስታውሰው በዚያው ቀን ሦስት ነገር አንድ ላይ ወረደበት፤ ኃይለኛ የጥርስ ሕመም፣ አዲስ የተወለደች ሴት ልጅ፣ እና ይሄ እንግዳ ጽሑፍ። ከሦስቱ ራሱን ያዞረው ጽሑፉ ነበር።

በዚያው ክረምት ኦስትቫልድ ባሕር ተሻግሮ ኡፕሳላ መጣና ልጁን ሪጋ ላይ ሥራ ልስጥህ አለው። አሁን መምህራኑ ተደናገጡ። እኛ ያቃለልነውን ተማሪ የውጭ ሊቅ ፍለጋ የሚመጣው ምን አይቶ ነው? ብዙም ሳይቆይ የማስተማር ፈቃድ ሰጡት። እሱ ግን ያን ጊዜ ወደ ሪጋ አልሄደም፤ አባቱ ታሞ ነበርና አጠገቡ ቆየ። አባቱ በ1885 አረፈ።

ከዚያ በኋላ የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ የጉዞ ገንዘብ ሰጠውና በአውሮፓ እየዞረ ከታላላቆቹ ጋር ሠራ። ሪጋ ከኦስትቫልድ፣ ቩርትስቡርግ ከኮልራውሽ፣ ግራትስ ከቦልትስማን፣ አምስተርዳም ከቫንት ሆፍ ጋር።

ትልቁን ማስረጃ ያመጣለት የሆላንዱ ቫንት ሆፍ ነው። ውሃ ውስጥ ስኳር ሲሟሟ ውሃው የሚረጋበት የሙቀት መጠን ይወርዳል፤ የሚወርደውም በሟሟው ቅንጣት ብዛት ልክ ነው። ጨው ላይ ሲደርሱ ግን ሒሳቡ አልገጥም አለ። ጨዉ ከተጠበቀው ሁለት እጥፍ ወደሚጠጋ ያወርደዋል። አንድ የጨው ሞለኪውል እንደ ሁለት ቅንጣት ነው የሚሠራው። አሬኒየስ ይህን ሲያይ የጎደለውን አገኘ። ሁለት ስለሆነ ነዋ! በ1887 ያለ ምንም ማመንታት አሳተመው፤ ጨው፣ አሲድና ቤዝ በውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች ይከፈላሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1889 ሌላም ጨመረ። ኬሚካላዊ ለውጥ በሙቀት የሚፈጥነው በምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ቀመር። ሊጥ በሙቀት ቶሎ እንደሚቦካ፣ ብርድ ላይ ግን እንደሚለግም ማንም እናት ታውቃለች። አሬኒየስ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሒሳብ አበጀለት። ቀመሩ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የተበደለው ሰው ዳኛ ሲሆን

በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ኖቤል ያገኘ የመጀመሪያው ስዊድናዊ ነው። ያን ጊዜ የኬሚስትሪ ኖቤል ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን እንደነበረ ገምቱ። ያ በትህትና ያሰናበተው ክሌቭ! ሽማግሌው ሐሳቡን ቀይሮ የተማሪውን ሥራ አክብሯል። ይሄ ለክሌቭም ትልቅ ነገር ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ፊልም ይወጣው ነበር። ግን አያልቅም።

አሬኒየስ በስዊድን የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ሆነ። በ1906 የኖቤል ኮሚቴው አብላጫ ድምፅ ሽልማቱን ለሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ያዘጋጀው ሰው ነው። አሬኒየስ ተቃወመ። ሥራው የቆየ ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው የሚል ምክንያት ይዞ ተከራከረ። ሜንዴሌቭ የአሬኒየስን የአዮን ሐሳብ ሲነቅፍ የኖረ ሰው መሆኑ ግን የተደበቀ አልነበረም። ሽልማቱ ፍሎሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ላወጣው ፈረንሳዊ ለአንሪ ሟሳን ሄደ። ሜንዴሌቭ ኖቤል ሳያገኝ በየካቲት 1907 ሞተ።

ሌላም አለ። አሬኒየስ በዚያ ዘመን ስዊድን ውስጥ ሲስፋፋ በነበረው የዘር ንጽህና አስተሳሰብ ውስጥ እጁን አስገብቷል፤ በ1922 ኡፕሳላ ላይ በተቋቋመው የመንግሥት የዘር ጥናት ተቋም ቦርድ ውስጥም ነበረበት። ሰውን በዘሩ ደረጃ የሚያወጣ ሳይንስ ነኝ ባይ አስተሳሰብ ነበር። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ተሳትፈውበታል። ያ ግን ነገሩን ትክክል አያደርገውም። በአንድ ቁጥር ተመዝኖ የቀለለ ሰው፣ ኋላ ሌላውን ለመመዘን ሲቀመጥ ሚዛኑ እንደማይዛባ ዋስትና የለም ማለት ነው።

በእርሳስ የተሠራው ትልቅ ስሌት

ከ1894 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል አሬኒየስ ቤቱ ተቀምጦ በእጁ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ስሌት እንደሠራ ይገመታል። በዚያው ጊዜ ትዳሩ እየፈረሰ ነበር። ተማሪው የነበረችውን ሶፊያ ሩድቤክን በ1894 አገባ፣ በ1895 ወንድ ልጅ ወለዱ፣ በ1896 ተፋቱ።

የሚያሰላው ነገር ይሄ ነው፤ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ የምድር ሙቀት ምን ይሆናል? በ1896 ባሳተመው ጽሑፍ መጠኑ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ትሞቃለች አለ። የዛሬ ሳይንቲስቶች ምርጥ ግምት 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያለ ኮምፒውተር፣ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ ይህን ያህል መጠጋቱ ያስገርማል። የተሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ጋዙ በግማሽ እስኪጨምር በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል ብሎ ነበር። ያ ጭማሪ በእኛ ዕድሜ ደርሷል። መሞቁንም ለብርዳማ አገሩ እንደ በረከት ነበር ያየው።

ይሄ ስሌት ከውሃ ጋር ምን አገናኘው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝናብና በከርሰ ምድር ውሃ ይሟሟል። ሲሟሟ ደካማ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ድንጋይ ይበላል። ከድንጋዩ ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ማግኒዚየም አዮን ሆነው ወደ ውሃው ይገባሉ። የምንጭ ውሃ ጣዕሙ ከቦታ ቦታ የሚለያየው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የሠርጉ ዝርዝር

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። የውሃ ላቦራቶሪ ይህን ያህል ካልሲየም፣ ይህን ያህል ሶዲየም፣ ይህን ያህል ፍሎራይድ ብሎ ጠቅላላ መጠን ይሰጣችኋል። ይሄ እንደ ሠርግ ጥሪ ዝርዝር ነው። ስንት ሰው እንደመጣ ይነግራችኋል። ማን ብቻውን እንደቆመ፣ ማን ከማን ጋር ተጠጋግቶ እንደተቀመጠ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ማን ወደ ውጭ እንደሚወጣ ግን አይነግራችሁም። ውሃው ውስጥ የሚሆነውን የሚወስነው ደግሞ ያ ነው። ብቻውን የቆመ አዮን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ተጣምሮ የተቀመጠ ሌላ።

የአሬኒየስ ሐሳብ እዚህ ላይ ጉድለት ነበረበት። እንደ ሆምጣጤ ላሉ ደካማ አሲዶች በደንብ ይሠራል። እንደ ገበታ ጨው ላሉት ግን፣ በተለይ ውሃው ጨው ሲበዛበት፣ ሒሳቡ ይስታል። አዮኖቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉና እንደ ነፃ ሰው አይንቀሳቀሱም። ይህን በ1923 ፔተር ዴባይና ኤሪክ ሂውክል በቀመር አስተካከሉት። አሬኒየስ እርማቱን በሕይወት እያለ አይቷል። ያረፈው ጥቅምት 2 ቀን 1927 ስቶክሆልም ውስጥ ነው፤ የተቀበረው ያ ውጤት በተሰጠው ከተማ፣ ኡፕሳላ።

በ1962 ሮበርት ጋረልስና ሜሪ ቶምፕሰን የተባሉ አሜሪካውያን የባሕር ውሃን ዝርዝር ይዘው ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ አሰሉ። ለምሳሌ ሰልፌት ከሚባለው አዮን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብቻውን ሳይሆን ተጣምሮ ነው የሚኖረው። በእጅ ሲሠራ አድካሚ ነው፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይዛባል።

ይህን ድካም ኮምፒውተር ተረከበው። በዘርፉ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ያዘጋጀው ፍሪክሲ ነው። ፍሪክ የተባለው የመጀመሪያው ፕሮግራም በ1980 ወጣ፤ በሲ ቋንቋ እንደገና የተጻፈው ፍሪክሲ በ1995። አሠራሩ ሲያዩት የዋህ ነው። ሙቀቱን፣ ፒኤቹንና የላቦራቶሪውን ውጤት ታስገባላችሁ። እሱ ግምት ይወስዳል፣ ስህተቱን ይለካል፣ ያርማል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ሁሉም ሚዛኖች አንድ ላይ እስኪገጥሙ። ለአንድ የውሃ ናሙና ዓይን እስክትጨፍኑ አይፈጅበትም። ከዚያ የትኛው ማዕድን ከውሃው ሊዝግ፣ የትኛው ገና ሊሟሟ እንደሚችል ያወጣል። ፍጥነትን በሙቀት ማስላት ሲፈለግም የ1889ኙ የአሬኒየስ ቀመር እዚያው ይገባል።

የስምጥ ሸለቆ ጥርሶች

ይሄ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ልጆች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሳይቦርሹ ቀርተው አይደለም። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለበዛበት ነው። ሲብስና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትም ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ።

ለምን? ፍሎራይዱን የሚለቁት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆኖ ይዘቅጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን በአብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ካልሲየሙ ቀድሞ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ በኖራ ድንጋይ መልክ ይወጣል። ፍሎራይዱን የሚይዘው አጥቶ ብቻውን ይቀራል። የሠርጉን ዝርዝር ሳይሆን የአቀማመጡን ሁኔታ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ለማስላት እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። በነገራችን ላይ ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል።

ሶፍትዌሩ የማንንም ጥርስ አያድንም። የተሳሳተ ልኬት ከሰጡት የተሳሳተ መልስ ይመልሳል። ግን የት እንደሚቆፈር፣ ምን ዓይነት ማጣሪያ እንደሚሠራ፣ የትኛው ጉድጓድ ከየትኛው ጋር ቢቀላቀል እንደሚሻል ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይጠቁማል። ፍሪክሲ ደግሞ በነፃ የሚወርድ ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ኬሚስትሪ ወይም ጂኦሎጂ የምትማሩ ልጆች አንድ የውሃ ምርመራ ውጤት ይዛችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

ስትሞክሩት ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሚያደርገውን ልብ በሉ። ያስገባችሁትን ሁሉ ወደ አዮን ይከፍለዋል። ኡፕሳላ ላይ ለጥቂት ያለፈው ሐሳብ ያ ነው። መምህራኑ የሰጡት ውጤት ያን ጊዜ የወጣቱን ልብ ሰብሮ ይሆናል፤ ጨዉ ግን ውሃ ውስጥ መከፈሉን አላቆመም። እናንተም ውጤት ተቀብላችሁ አንገት በደፋችሁ ቀን ይህን አስታውሱ። ከዚህ በላይ ግን፣ አንድ ቀን የሌላ ሰው ሥራ እጃችሁ ላይ ወድቆ ፍርድ ስጡ ስትባሉ ሜንዴሌቭን አትርሱ።